ጣሳው ሞቀ፣ ጎማው ግን አልዞር አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስተርሊንግ ሞተር በጨረፍታ አንስተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ጥያቄ ስለሱ ሆነ። ስለ ውሃ ፓምፕ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ታገሡን፤ የዛሬው ገጽ በጣሳና በፊኛ ተይዟል።

ባለፈው ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ስተርሊንግ ሞተር ውስጡ ነዳጅ አይነድበትም፣ ቫልቭ የለውም፣ ጭስ አያወጣም። እሳቱ ከውጭ ነው። ውስጡ ያለው የታሸገ አየር ብቻ ነው። የጣሳው አንዱ ጫፍ ይሞቃል፣ ሌላው እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። መሃል ላይ ግድግዳውን ሳይነካ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል አንድ ልል ነገር አለ፣ እኔ አመላላሽ እለዋለሁ፤ አየሩን ከሙቁ ጫፍ ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ይነዳዋል። አየሩ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህ ማበጥና መሰብሰብ ፒስተኑን ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። ቤት ውስጥ በሚሠራው ሞተር ፒስተኑ ብዙ ጊዜ የተወጠረ የፊኛ ቁራጭ ነው። ሁለቱም ጎማውን ከሚያዞረው ክራንክ፣ ማለትም እጥፋት ካለው ዘንግ፣ ጋር ይያያዛሉ፤ አመላላሹ ከፒስተኑ ሩብ ዙር ይቀድማል። በቃ፣ ሞተሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ስተርሊንግ ሞተር ሠርቻለሁ። አመላላሹ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ነው። ፊኛውን በጣሳው ጎን ባጣበቅኩት ባለ 5 ሳንቲ ሜትር የቧንቧ ኤልቦ ላይ ወጥሬዋለሁ። ክራንኩ የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው፣ ጎማው ሦስት ሲዲ። የክራንኩን ሁለቱንም እጥፋቶች 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጌያቸዋለሁ። በእጄ ሳዞረው ሁለት ሦስት ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል። ሻማ ጨመርኩ፣ አልሆነም። ከሰል ላይ አስቀመጥኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ምን ልጨምር?»

ምንም አትጨምር። ቀንስ።

ትልቁ ችግርህ እዚሁ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ሁለቱም እጥፋቶች 1.5 ሳንቲ ሜትር ናቸው ብለሃል። እንዲያ ከሆነ አመላላሹም ፊኛውም በየዙሩ 3 ሳንቲ ሜትር ይጓዛሉ ማለት ነው። ለአመላላሹ ጥሩ ነው፣ እሱን አትንካው። ለፊኛው ግን በጣም በዛ። እስቲ እናስላው። በአንተ ጣሳ ውስጥ በአመላላሹ የማይያዘው ነፃ አየር ወደ 140 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የታችኛው ቆርቆሮ 300 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ አየሩ ራሱ ያን ያህል አይሞቅም፤ በሙቁና በቀዝቃዛው አየር መካከል ያለው ልዩነት 150 ዲግሪ ከሆነልህ ጥሩ ነው። የዛግሬቡ ፕሮፌሰር ኢቮ ኮሊን ይጠቀምበት የነበረ ቀላል ሂሳብ አለ፤ የሙቀቱን ልዩነት ለ1100 ታካፍላለህ። 150 ለ1100 ሲካፈል 14 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ፊኛህ በአንድ ምት መንቀሳቀስ ያለበት የ140ውን 14 በመቶ፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው። አንተ እያስኬድከው ያለኸው ወደ 40 ይጠጋል። አየሩ እስከ ግማሽ መንገድ ይገፋል፣ ከዚያ አቅሙ ያልቃል። የቀረውን መንገድ ጎማው ነው ፊኛውን እየጎተተ የሚሄደው። ሞተርህ ግማሹን ዙር ሞተር ነው፣ ግማሹን ዙር ፓምፕ። ለዚህ ነው የሚቆመው። የፊኛውን እጥፋት ወደ 7 ሚሊ ሜትር አውርደውና ሞክር።

ወደ ከሰሉ ልምጣ። ባሰበት ያልከው ትክክል ነው፣ ሊብስበትም ይገባል። ከሰል ከታች ብቻ አያሞቅም፣ ጎኑንም ያሞቃል፤ ሙቀቱ በቆርቆሮው እየወጣ ላዩንም ያግለዋል። ላዩ ከጋለ ደግሞ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን የሚያዞረው ልዩነቱ ነው፣ ትኩሳቱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ብዙ ሰው እሳቱ ላይ ይራቀቅና ቀዝቃዛውን ጫፍ ይረሳዋል። ምን ታደርጋለህ፣ የትልቅ ውሃ ፕላስቲክ ታችኛውን ክፍል ቆርጠህ የጣሳው አንገት የሚያልፍበት ቀዳዳ አብጅለት፣ ዙሪያውን በሲልከን አጣብቀው፣ ውሃ ሙላው። ውሃው ለብ ሲል ቀይረው። ፕላስቲክ ካስቸገረህ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥመህ በላዩ ውሃ እያንጠባጠብክ ሞክር፣ መልክ የለውም እንጂ ይሠራል። እሳቱ ደግሞ ትንሽ ሆኖ በጣሳው ቂጥ መሃል ላይ ያነጣጠረ ይሁን። የአልኮል መብራት ከሁሉ ይሻላል፣ ጥላሸት የለውም። ሻማ ያጠቁራል፤ የሚጠራቀመው ጥላሸት ሙቀቱን እየከለከለ ይሄዳል፣ በየጊዜው ጥረገው።

ይህን ካስተካከልክ በኋላም ላይነሳ ይችላል። እንግዲያውስ በግምት አትነካካው፣ ፈትነው። ፊኛውን ከክራንኩ ፍታው። ጣሳውን ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቅ። አመላላሹን በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳበው። ፊኛው ማበጥ አለበት፣ በዓይን የሚታይ ማበጥ። አሁን ልቀቀው፣ ይውረድ። ፊኛው መሟሸሽ አለበት። ይህ ከሆነ የሙቀቱ ነገር አልቋል፤ ችግርህ ከክራንኩ ወዲያ ነው፣ ሰበቃ ነው። ካልሆነ ወይ አየር ያስወጣል ወይ አመላላሹ ልኩ አይደለም።

አየር ማስወጣቱን ጎሚስታ ጎማ እንደሚያይ እየው። ሲቀዘቅዝ በኤልቦው በኩል በቀስታ ንፋ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀባ፣ አረፋ የሚሠራበትን ፈልግ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የአመላላሹ ክር በክዳኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። በምስማር አትብሳው፣ በመርፌ ብሳው። ክሩ የጊታር ቀጭን የብረት ክር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ናይለን ከታች በሚመጣው ሙቀት ይለሰልሳል። የድስት ሽቦው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ወደ ታች የሚገፋ ዘንግ አያስፈልግህም። ቀዳዳው ላይ ጠብታ ግሪስ አድርግ፣ አየሩን ይዘጋል፣ ክሩንም ያንሸራትታል።

አመላላሹን በተመለከተ ልኩን እነግርሃለሁ። ጣሳህ ወርዱ 7.3 ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለው የተለመደው ዓይነት ከሆነ፣ አመላላሹ ወርዱ 6.9፣ ቁመቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ከላይና ከታች ደግሞ ትንሽ ሚሊ ሜትር ብቻ። ግድግዳውን ከነካ ይሰብቃል፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ አየሩ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ ሾልኮ ያልፋል። የድስት ሽቦ መምረጥህን ወድጄዋለሁ። አየሩ በመሃሉ ሲያልፍ ሙቀቱን እዚያው ትቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ መልሶ ያነሳዋል። ከዚህ በታች የሚመጡት ቄስ የፈጠራ መብት ያገኙበት ሐሳብ ይኸው ነው።

ሰበቃውን ለማየት ሁለቱንም ፈትተህ ጎማውን ብቻውን አሽከርክረው። ብዙ ዙር ሄዶ በዝግታ መቆም አለበት። ቶሎ ከቆመ ክራንኩ ጠምሟል። የልብስ መስቀያ ሽቦ ሲታጠፍ ይጠማዘዛል፤ ጠረጴዛ ላይ አንከባለህ እየው፣ ሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ክብደቱ አልተመጣጠነም፤ ከአመላላሹ እጥፋት በተቃራኒ በኩል ሲዲው ላይ ዳዶ ለጥፍበት፣ የትም ስታቆመው እዚያው እስኪቀር ድረስ።

ሁለት ነገር ደግሞ ማንም የማይነግርህ። አንደኛ፣ ጣሳው ሲሞቅ ፊኛው ወደ ውጭ አብጦ ይቀራል፤ ክራንኩን በአንድ በኩል ብቻ እየገፋ ያንቀዋል። ከሞቀ በኋላ የፊኛውን ጠርዝ ለቅጽበት ከፍ አድርገህ ትርፉን አየር አስወጣው። ሁለተኛ፣ ወደ ቀኝ ገፍተኸው እምቢ ካለ ወደ ግራ ግፋው። ሩብ ዙር የሚቀድመው የትኛው እንደሆነ አንተ ስታጥፈው ነው የወሰንከው፤ ሞተሩ የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ፈልሳፊው ቄስ ነበር ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው አይደል?» (ከባሕር ዳር)

ቀልድ አይደለም። ሮበርት ስተርሊንግ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በ1790 ተወለዱ፣ ክህነቱንም የፈጠራ መብቱንም ያገኙት በዚያው በ1816 ነው፣ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ዋናው ሐሳባቸው ሞተሩ ሳይሆን ቅድም ያልኩት ሙቀት ቆጣቢ ነበር፤ አየሩ ሲሄድ የሚተወውን ሙቀት ሲመለስ የሚያነሳበት ክፍል። በ1818 አንድ ሞተራቸው ኤርሻየር ውስጥ ከድንጋይ ካባ ውሃ ያወጣ ነበር። ኋላ ከመሐንዲስ ወንድማቸው ከጄምስ ጋር ትልቅ ሠርተው ዳንዲ ከተማ ባለ ብረት ማቅለጫ ውስጥ በ1840ዎቹ ጥቂት ዓመታት አገለገለ። ምን ጣለው? ሙቁ ጫፍ። የዘመኑ ብረት ትኩሳቱን አልቻለም፣ እየተቃጠለ እየተሰነጠቀ አስቸገረ። ስብከታቸውን ግን አልተዉም፣ በ1878 እስኪያርፉ ድረስ የኖሩት በደብራቸው ነው።

ጥያቄ፦ «በዚህ ሞተር ስልኬን ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ? እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ ባስቀምጠውስ? ያ ሁሉ ሙቀት እኮ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው።» (ከአዳማ)

አትችልም። ቁጥሩን ልንገርህ፣ ከዚያ ራስህ ፍረድ።

ዊሊያም ቢል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ያስቀመጠው ግምታዊ ቀመር አለ። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጠርገውን ይዘት በሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የውስጡን የአየር ግፊት በባር (አንድ ባር በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)፣ በሴኮንድ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ እነዚህን አባዝተህ በ0.015 ታባዛዋለህ፣ መልሱ ዋት ነው። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር፣ ግፊቱ 0.8 ባር፣ በሴኮንድ 3 ዙር፤ ከ1 ዋት በታች ይወጣል። ያውም በጥሩ ወርክሾፕ ለተሠራ፣ ሙቁ ጫፉ ቀይ እስኪሆን ለሚግል ሞተር ነው። የጣሳ ሞተር የዚህን አንድ አሥረኛ ከሰጠህ አመስግን። ተራ የስልክ ቻርጀር ደግሞ 5 ዋት ይፈልጋል። አንዲት ቀይ ኤልኢዲ ግን ታበራለህ፤ ከተጣለ የሲዲ ማጫወቻ ትንሿን ሞተር አውጥተህ፣ በጎማው ላይ ላስቲክ አዙረህ ወደ ትንሿ ዘንግ ካገናኘኸው ትንሿ በፍጥነት ትሽከረከራለች። እንደዚያ ሳታፈጥናት የሚወጣው ቮልቴጅ አምፖሏን አይቀሰቅስም።

ምጣዱን በተመለከተ ሐሳቡ የዋህ አይደለም። በአውሮፓ በማገዶ ምድጃ ላይ ተቀምጠው በስተርሊንግ ሞተር የሚዞሩ ማራገቢያዎች ገበያ ላይ አሉ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እየበላ አንተ ከላዩ አንድ ዋት ለቅመህ ምን ልትሆን ነው? የምጣዱን ታች ሙቀት በማያስወጣ ነገር በደንብ ብትሸፍንላት እናትህ በመብራት ሂሳብ የምታተርፈው፣ ይህ ሞተር ዕድሜ ልኩን ከሚሰጥህ ይበልጣል። ላዩም ላይ አታስቀምጥባት፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ሞተሩ ኤሌክትሪክ አይሰጥም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት መብራት በሌለበት አገር ሬዲዮ ለማስነሳት ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ዋት የሚሰጥ ድምፅ አልባ ጄኔሬተር አወጣ። ዕድሉ ሆኖ በዚያው ሰሞን ትራንዚስተር መጣ፣ ሬዲዮ በድንጋይ መሥራት ጀመረ፣ ጄኔሬተሩም ገዢ አጣ። ዛሬ የስዊድን ባሕር ኃይል ጎትላንድ የሚባሉት ሰርጓጅ መርከቦች በስተርሊንግ ሞተር ይታገዛሉ፤ ከባሕር በታች ለሳምንታት ይቆያሉ። እነዚያ ግን ውስጣቸው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ ያላቸው ናቸው። ያንን በቲማቲም ጣሳ አትሞክረው።

ጥያቄ፦ «የ14 ዓመት ልጄ ይህንን ነገር ይዞ ቤቱን ሁሉ ጣሳ በጣሳ አድርጎብኛል። ትናንት ሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ አገኘሁት። ይፈነዳል እንዴ? ልከልክለው?» (ከአዲስ አበባ)

አይከልክሉት እህቴ። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ ያስወጡልኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚገድለው እሱ ነው። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይመርዛል፣ በር ዘግቶ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ ብሎ ይቀራል። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ በአልኮል መብራት ይሥራ።

መፈንዳቱን በተመለከተ፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው፤ ግፊቱም ፊኛ የሚችለው ያህል ነው። ቢበዛ ፊኛው ቢቀደድ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቀው ይንገሩት። ጣሳው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ፤ ውሃ ከገባበት ስተርሊንግ መሆኑ ይቀርና የእንፋሎት ማሰሮ ይሆናል፣ እሱ ነው የሚፈነዳው። ዘይትም ወደ ሙቁ ጫፍ አይድረስ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የጣሳዎች ውስጥ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞቅ ይከረፋል፣ ጭሱም አይጠቅምም። ባዶ ጣሳውን ሳይገጥመው በፊት ውጭ አንዴ በደንብ ያግለው። ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ፣ ያው የጣሪያው ዓይነት፣ ለእሳቱ በኩል በፍጹም አይጠቀም፤ ሲግል የሚወጣው የዚንክ ጭስ ያሳምማል። ጣሳ ሲቆርጥ ደግሞ ወፍራም ጓንት። ጠርዙ ምላጭ ነው፤ በዚህ ሥራ ከሚቃጠለው ይልቅ የሚቆረጠው ይበዛል።

የአልኮል መብራት ነዶ ሳይጠፋ አልኮል እንዳይጨምርበትም ይጠብቁት። ይህን እርስዎ ራስዎ ቢይዙለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «እኔ ዱባይ ነኝ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። በትኩስ ውሃ ብርጭቆ ላይ የሚቀመጠውን ስስ ስተርሊንግ ሁለት አዝዤ አንዱን ላኩለት። የእኔ ከእሱ በጣም ይፈጥናል። እሱ ‹አጭበርብረሽ ጥሩውን ለራስሽ ያዝሽ› ይለኛል። ፍረዱን።»

አላጭበረበርሽም። ያጭበረበረው ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ዱባይ ላይ በ100። ወንድምሽ ምንም ቢያፈላው ከዚያ አያልፍም፣ እዚህ ላይ ብቻ 8 ዲግሪ ቀድመሽዋል። ዋናው ግን አየሩ ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው የሚያብጠውና የሚሰበሰበው አየር ራሱ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቅድም ለአዳማው ልጅ ግፊቱን 0.8 ባር ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወንድምሽን የምታስደስቺበትን ልንገርሽ። ኤሲ ካለበት ክፍል አውጪውና በነሐሴ ቀትር በረንዳ ላይ አስቀምጪው። የላይኛው ሰሌዳ 42 እና 43 ዲግሪ አየር ውስጥ ይዋኛል፣ ልዩነትሽ 60 አይሞላም። የእሱ ክፍል 22 ዲግሪ ነው፣ ልዩነቱ 70 ይጠጋል። እሱ በአየር የሚያጣውን አንቺ በሙቀት ታጪዋለሽ፣ ሁለታችሁ ትቀራረባላችሁ። ከዚያ ደግሞ ትኩሱን ውሃ ትታችሁ በረዶ ላይ አስቀምጡት። ወደ ኋላ ይዞራል። ሙቁ ጫፍ አሁን የላይኛው ሆነ፣ ቅደም ተከተሉም ተገለበጠ። በበረዶ ጨዋታ በበረንዳሽ ሙቀት አንቺ ታሸንፊያለሽ፣ ይህንን ለእሱ አትንገሪው።

ይህ ዓይነቱ ስስ ሞተር የመጣው ቅድም ከጠቀስኩት ከኮሊን ነው፤ በ1983 በሙቅ ውሃ ብቻ የሚሠራ ሞተር አሳየ። ከዚያ ጄምስ ሴንፍት የተባለው አሜሪካዊ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ በግማሽ ዲግሪ ልዩነት የሚዞር ሠራ። የመዳፍ ሙቀት ይበቃዋል። እነዚህ ሰዎች እሳት አልጨመሩም። ሰበቃ ነው የቀነሱት። ደሴ፣ ሰምተሃል?

ጥያቄ፦ «ያለ ምንም ነዳጅ ለዘላለም የሚዞር ስተርሊንግ ቪዲዮ ላይ አየሁ። ለምን መንግሥት አይሠራውም?»

ስለማይዞር። ከጠረጴዛው ሥር ባትሪ አለ፣ ወይም መብራቱ ያሞቀዋል። ልዩነቱ ካለቀ ይቆማል። የሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ «ጋራዥ አለኝ፣ ቶርኖም አለኝ። የጣሳውን ነገር ለልጆቹ ተዉላቸውና ለእኔ የብረቱን ንገሩኝ። የድሮ ሞተር ሳይክል ፒስተንና ሲሊንደር ይሆነኛል? ኮምፕሬሰር ገጥሜ ውስጡን ባምቀውስ?» (ከሐዋሳ)

ጋሼ፣ ፒስተኑ ይሆናል፣ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገጠመው ቀለበት) አይሆንም። የሞተር ሳይክል ፋሻ በቤንዚን ፍንዳታ ለሚገፋ ፒስተን የተሠራ ነው፤ እርስዎ የሚኖርዎት ግፊት የዚያን ሽራፊ ነው። ፋሻውን ከነኩሽኔታው ሰበቃ ጋር ሲደምሩት ሞተሩ ያመረተውን ሁሉ እዚያው ይበላዋል። ቶርኖ ካለዎትማ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ፒስተኑን ከካርቦን፣ ከግራፋይት ማለት ነው፣ ይቁረጡት፤ ያረጁ ትልልቅ ሞተሮች ብሩሽ ይሆናል። ሲሊንደሩን ከናስ ወይም ከቀዝቃዛ ብረት ያድርጉት፣ ውስጡን አለስልሰው ይጨርሱት። ያለ ዘይት፣ ያለ ፋሻ፣ በልኩ ብቻ አየር ይይዛል። ፈተናው እንዲህ ነው። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ፒስተኑን ከላይ ይልቀቁት። በራሱ ክብደት ወርዶ ይውጣ። አሁን ታችኛውን አፍ በአውራ ጣትዎ ይድፈኑት፣ መልሰው ይልቀቁት። ተንሳፍፎ በዝግታ መውረድ አለበት። ዱብ ካለ ሰፍቷል፣ ቆሞ ከቀረ ጠቧል።

ቶርኖውን ለማስነሳት የሚሰለቹበት ቀን ካለ የመስታወት ስሪንጅ ይህንን ሥራ ከፋብሪካ ጨርሶልዎታል። በፕላስቲኮቹ ከተተኩ ወዲህ ማግኘቱ ያስቸግራል እንጂ፣ ዘንጉ በመስታወቱ ውስጥ በራሱ ይንሸራተታል፣ አየርም አያሳልፍም። የተጣለ ሃርድ ዲስክ ካገኙ ደግሞ ለጎማ እሱን የሚያክል የለም፤ ኩሽኔታው ከማንኛውም የሲዲ ዘዴ ይሻላል። አዲስ አበባ ብቅ ካሉ መርካቶ ምናለሽ ተራን ሳያዩ አይመለሱ።

ሙቁን ጫፍ በእርሳስ አይበይዱት፣ ከ230 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ኢፖክሲ ሙጫም እዚያ አይሠራም፣ እሱን ለቀዝቃዛው በኩል ያስቀምጡት። ስስ ግድግዳ ያለው የማይዝግ ብረት ቱቦ ለሙቁ ጫፍ ከሁሉ ይሻላል፤ ሙቀት በቁመቱ ወደ ላይ ቶሎ አያሳልፍም። መዳብ እዚህ ቦታ ጠላት ነው፣ ከታች የሰጡትን ከላይ ያደርስብዎታል። አሉሚኒየምም እንደሱ ነው።

ስለ ኮምፕሬሰሩ። ግፊቱን እጥፍ ካደረጉ ጉልበቱም እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ፊሊፕስም ሌሎቹም የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። ግን ክራንኩ ሳይቀር መታሸግ አለበት፣ አለበለዚያ የታመቀው አየር ፒስተኑን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገፋው። ከሁሉ በላይ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር የዘይት ብናኝ ያስገባል። የታመቀ አየር፣ የዘይት ብናኝ፣ የጋለ ብረት፤ ይህ ሦስቱ አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለናፍጣ ሞተር መካኒክ አልነግርም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳያምቁት ይሥሩት። በተራ አየር በሴኮንድ 10 ዙር ካለ፣ ሥዕሉን ከነልኩ ይላኩልን፤ የማመቁን ነገር ያኔ ዘይት በሌለው ኮምፕሬሰርና በግፊት መልቀቂያ ቫልቭ እናወራዋለን።